ጮጮውን የያዘው አውራ ጣት

ነጋዴ ዋጋውን አስቀድሞ አይናገርም፤ መጀመሪያ ዕቃውን ያስዳስሳል። እዚህ ላይ ግን ደንቡን ልጣሰው። ይህ ነገር ያስወጣኝ አርባ ሁለት ጋዜጣ፣ አንድ የራሽያ ካሜራና የአንድ ቤት ሰላምታ ነው። ጋዜጦቹን በእጄ አቃጠልኩ፤ ካሜራውን በእጄ ሸጥኩ። ሰላምታው ግን እንደማይገባኝ እያወቅኩ ከሃያ ዓመት በላይ በየጠዋቱ ስቀበለው ኖሬያለሁ።

ነገሌ የገባሁት ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። ጦሩ ተበትኖ ወታደሩ ወደየአገሩ ሲወጣ፣ እኔ ከጉራጌ አገር ወደ ቆላው ወረድኩ። መንገድ ላይ ሁሉም የሚሸጠው ነገር ይዞ ነበር፤ ብርድ ልብስ፣ ቦት ጫማ፣ ኮዳ። አንዱ ካሜራ ይዞ መጣ። ከሲጋራ ችርቻሮ ካጠራቀምኩት ላይ ለመሳፈሪያ የሚበቃውን ሰጠሁትና ተረከብኩ። ሊሄድ ብሎ መለስ አለና፣ "በደንብ ያዘው፤ እዚህ ውስጥ ገብተው ያልወጡ ብዙ ልጆች አሉ" አለኝ። ወታደር ሲሰናበት እንዲህ ያወራል ብዬ አለፍኩት።

የምነግድበትን ቦታ የሰጡኝ አንድ ሐጂ ናቸው። ጨርቅና ስኳር የሚሸጡ፣ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እንደ አንድ ቋንቋ የሚያወሩ ሽማግሌ። ከሱቃቸው በረንዳ ላይ ጠረጴዛ የምታክል ቦታ ለቀቁልኝ።

"ኪራዩ ስንት ነው፣ ሐጂ?" አልኳቸው።

"ጠዋት ጠዋት ሰላም በለኝ፤ ይበቃል።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም። በእሳቸው ቤት ሰላምታ ሳይለዋወጡ ሱቅ አይከፈትም። እኔ በኦሮምኛ "አካም ቡልታን፣ ሐጂ?" ብዬ እንዴት እንዳደሩ እጠይቃለሁ፤ እሳቸው "ናጋ" ይላሉ፣ ሰላም ነው ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ አይተውት ስለማያውቁት ስለ አባቴ ጤና ይጠይቁኛል። በኋላ ከመንገዱ ማዶ የራሴን ሱቅ ስከፍትም ኪራዩን መክፈል አላቆምኩም። በሬን እየከፈትኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠይቃለሁ፤ ከማዶ "ናጋ" ይመጣል።

ሥራዬ ከአንድ በላይ ነበር። ሰው ነጭ አቡጀዲ ፊት አስቀምጬ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ ፊልሙ በሹፌር እጅ ሻሸመኔ ሄዶ ታጥቦ ይመለሳል፤ እኔ በመቀስ ቆርጬ እሰጣለሁ። ጋዜጣም እሸጣለሁ፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲደርሰኝ ሁለት ቀን አርጅቶ ነው። ከሁሉም በላይ የምኖርበት ግን የጋዜጣው ሬሳ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሳይሸጥ የቀረው ጋዜጣ በኪሎ ይሸጣል፤ እኔ በእስር በእስር አስመጥቼ ከወደራ እስከ ሜጋ ላሉ ሱቆች አከፋፍላለሁ። ስኳሩ፣ ሻይ ቅጠሉ፣ ሚስማሩ ይጠቀለልበታል። የተረፈውን ሰዉ በሊጥ አድርጎ ጭቃው ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል፤ አፈሩ አልጋ ላይ እንዳይረግፍ። ስለዚህ በዚያ አገር አንድ ጋዜጣ ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ መጀመሪያ አንባቢ፣ ቀጥሎ ስኳር ገዢ፣ በመጨረሻ ተኝቶ እንቅልፍ እንቢ ያለው ሰው።

ዘመኑ የግል ጋዜጣ እንደ አሸን የፈላበት ነበር። የፊቱ ገጽ ስለ ፖለቲካ ይጮኻል፤ ገዢው ግን ጋዜጣውን የሚገልጠው ከመሐሉ ነው። ዘፋኙ ከማን ጋር ታየ፣ ተዋናይዋ ለምን ከሳች፣ ኳስ ተጫዋቹ ምን መኪና ገዛ። ከካምፕ የሚመጡት ወታደሮች ቆመው ያነባሉ፤ ፎቶውን ካልወደዱት አይገዙም። ከወደዱት ቀደው አልጋቸው ራስጌ ይሰቅሉታል። አዲስ አበባ ሆኖ ጋዜጣውን ለሚልክልኝ ሰውዬ ይህን በስልክ ስነግረው ሳቀ።

"እንግዲያው በእናንተ በኩል የሚያልፍ ዝነኛ ካለ አንስተህ ላክልኝ" አለኝ። "ሰው የበዛበት ፎቶ ግን እንዳትልክ። ገጹ ትንሽ ነው፤ አንባቢው ችኩል ነው።"

ምክሩን በደንብ ያዝኩት። የንግድ ምክር አይረሳኝም።

ከዚያ አንድ ድምፃዊ ለጦሩ በዓል ሊዘፍን መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ያኔ ነገሌ ውስጥ ስሙን የማያውቅ ፍየል ብቻ ነበር። ከሰዓት በፊት ከባንዱ ልጆች ጋር ገበያ ወጣ፤ ግማሹ ከተማ ይከተለዋል። የባንዱ ልጆች ካሜራ ይዘዋል፤ ሁለት መኮንኖችም ይዘዋል፤ እኔም ይዣለሁ። ሽርጥ ሊገዛ ሐጂ ሱቅ ገባ። ሐጂ ዘፈን አይሰሙም፤ እንግዳ ግን ያከብራሉ።

"አባቴ፣ የግመል ወተት ሳልቀምስ ብመለስ አዲስ አበባ ይስቁብኛል" አላቸው ድምፃዊው።

"እዚህስ ሳንሰጥህ ብትሄድ አይስቁብንም?" አሉና ልጃቸውን ጠሩ።

ሴት ልጃቸው ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ለአንድ የሜጋ ነጋዴ ልጅ ታጭታ ነበር፤ ሠርጉ ከዝናቡ በኋላ ተብሏል። ወተቱን በጮጮ ይዛ በረንዳው ላይ ወጣች። ጮጮ የተሰፋ የወተት ዕቃ ነው፤ ለለመደው ቀላል ነው፤ ለማያውቀው ግን ትንሽ ካዘነበለ ደረት ላይ ይገለበጣል። ድምፃዊው አዘነበለና ወተቱ ከንፈሩን አልፎ አገጩ ላይ ፈሰሰ። ሰዉ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች።

"እንዲህ አይደለም" አለችና እጇን እጁ ላይ አድርጋ ጮጮውን አቃናችለት። ሐጂ ደግሞ ከጎኗ ሆነው ሥሩን በቀኝ እጃቸው ደገፉ፤ እንግዳ ሲጠጣ ባለቤቱ ዕቃውን መደገፉ ክብር ነው። ሻሿ ወደ ትከሻዋ ሸርተት አለ። ሦስቱም ይስቃሉ። የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት።

ፎቶው ከሻሸመኔ ሲመጣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ካነሳሁት ሁሉ የተሻለ ነበር። በግራ ድምፃዊው፣ መሐል ልጅቷ፣ በቀኝ ሐጂ። ደስ ብሎኝ ረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ፣ ሰው በዝቶበታል ብዬ አሰብኩ። የጢማቸው ነጭነት ዓይን ይስባል፤ አንባቢው ዘፋኙን ትቶ ሽማግሌ ሊያይ ነው። ጉርድ ፎቶ የምቆርጥበትን መቀስ አነሳሁ። አንድ ቁራጭ ነው፤ ከላይ እስከ ታች። ሐጂ ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። ፎቶው ላይ ከእሳቸው የቀረው ጮጮው ሥር ያለው አውራ ጣታቸው ብቻ ነበር፤ እሱንም ልቁረጥ ብል ጮጮው ይጎድላል።

በጀርባው "ድምፃዊው ነገሌ ላይ የግመል ወተት ሲጠጣ" ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። የጻፍኩት እውነት ነው። ሰማንያ ብር ላኩልኝ። ኔጋቲቩንና የቆረጥኩትን ቁራጭ ባዶ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሐጂን ቆሻሻ ውስጥ መጣል አልሆነልኝም፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአውቶቡስ የወረደውን እስር ስፈታ ድምፃዊውንና ልጅቷን መሐሉ ላይ ግማሽ ገጽ ሆነው አገኘኋቸው። ከላዩ በትልቅ ፊደል "የድምፃዊው የነገሌ እጮኛ" ይላል። ጽሑፉ ውስጥ "የቅርብ ምንጮች" የሚባሉ ሰዎች ሠርጉ በምስጢር እንደተያዘ ይናገራሉ። ከእኔ የቀረበ ምንጭ አልነበረም፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ስለ ወተቱ አንድ ቃል የለም።

አርባ ሁለት ጋዜጣ ነበር። የወሰድኩት ውሳኔ የነጋዴ ነው፤ የተበላሸ ዕቃ ከመደርደሪያ ይነሳል። ጓሮ ወስጄ ለኮስኩት። የተጣጠፈ ወረቀት በቀላሉ አይነድም፤ ዳሩ ሲጠቁር መሐሉ ነጭ ይቀራል። በእንጨት እየገለበጥኩ ቆምኩ። ፊቷ ከአመዱ ውስጥ ሁለት ጊዜ እየሳቀ ወጣ።

ረፋዱ ላይ ወታደሮቹ መጡ።

"ጋዜጣ የታለ?"

"አልመጣም።"

"ጅብ በላው?"

"ክብረ መንግሥት ላይ ቀርቶ ነው።"

"ምነው ፊትህ ጠቆረ? በጋዜጣው ፋንታ አንተ ነህ እንዴ ከከሰል ጋር የተጫንከው?" ብለው ስቀው ሄዱ። ፊቴን ታጠብኩ።

ሦስት ወር ምንም አልሆነም። አዲስ አበባ ያነበቡት ሰዎች እሷን አያውቋትም፤ የሚያውቋት ሰዎች አላነበቡም። አመለጥኩ ብዬ ነበር። የረሳሁት ነገር ግን ነበር፤ በዚያ አገር ያን ሊረሳ የማይገባው ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሳይሸጥ የቀረ ጋዜጣ ወዴት እንደሚሄድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

እስሩ ከአዲስ አበባ መጣ። አልፈታሁትም፤ የሬሳ ፊት ማን ገልጦ ያያል? ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ በእጄ መኪና ላይ ጫንኩት፤ ሜጋ ወርጄ ለደንበኛዬ ባለሱቅ አስረከብኩ። በሳምንቱ የእጮኛዋ እናት እዚያ ሱቅ ሻይ ቅጠል ገዛች። ቤቷ ገብታ ጥቅሉን ፈታች። ማንበብ አትችልም። ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ ፎቶ አጥርቶ ያነባል።

የእጮኛዋ ወገን ሽማግሌዎች ከሜጋ ሲመጡ ሱቄ በር ላይ ነበርኩ። ወረቀቱን ሐጂ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

"እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ" አሉ ሐጂ። "ጮጮውን የደገፍኩት እኔ ነኝ። ይኸው ጣቴ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ሰውዬው አፍሮ ነበር።

"ሐጂ፣ እኛ እናምንዎታለን" አለ። "ፎቶው ላይ ግን የሉም።"

እጮኝነቱ ፈረሰ። ያየ ጎረቤት ሁሉ ምስክር ነው ይባላል፤ ሜጋ ግን ጎረቤት አይሄድም፤ ወረቀቱ ነው የሚሄደው።

በማግስቱ ሐጂ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ሰላምታውን አላጓደሉም፤ ስለ አባቴ ጤናም ጠየቁኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። ሻይ ቅጠል ይሸታል።

"ልጄ፣ አንተ የጋዜጣን ነገር ታውቃለህ። ይህን ማን አነሳው?"

"ከባንዱ ልጆች አንዱ ይሆናል፣ ሐጂ። ካሜራ ይዘው ነበር።"

"አንተም አንስተህ ነበር።"

"የእኔ ፊልም ተቃጠለ። ብርሃን ገባበት።"

ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። ቢጠራጠሩኝ ኖሮ እዚያው ላይ የምናዘዝ ይመስለኛል፤ ዛሬ እንዲህ ማለት ቀላል ነው። አልተጠራጠሩኝም።

"አይ ዕድል" አሉ። "የአንተ ባይቃጠል ኖሮ፣ እኔም እዚያ እንደነበርኩ ይታይ ነበር።"

ቆርቆሮው ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። እጄን ወደ ኋላ ብዘረጋ እደርስበታለሁ።

በዚያው ዓመት ካሜራውን ሞያሌ ወስጄ ለሠርግ ፎቶ አንሺ ሸጥኩት። ፎቶው ግን አልተሸጠም፤ ይከተለኝ ጀመር። አንድ ጊዜ ሜጋ አልጋ ይዤ ሊነጋጋ ሲል ዓይኔን ስገልጥ፣ ከትራሴ አንድ ክንድ ርቀት ግድግዳው ላይ ትስቃለች። ተነስቼ የአልጋ ቤቱን ባለቤት ሌላ ክፍል ጠየቅኳት።

"ምነው፣ ትኋን አለ?"

"አለ።"

"እዚህ ቤት ትኋን ኖሮ አያውቅም" ብላ ተቆጣች። ገብታ ፍራሹን ገለበጠች፤ ትኋን ፈለገች፤ ግድግዳውን አላየችም።

ወደራ ላይ ጸጉር ስቆረጥ ከመስታወቱ በላይ ድምፃዊው ብቻውን ተለጥፏል፤ እሷን ቆርጠው አውጥተዋታል፤ እጇ ግን እጁ ላይ ቀርቷል። አንድ ሻይ ቤት ጭስ አጥቁሮት ከገጹ የሚለየው ጮጮው ብቻ ነበር፤ ሥሩ ላይ አውራ ጣት። ሌላ ሰው ቢያየው የጋዜጣ ቀለም የተንጠባጠበ ይመስለዋል። ቀስ በቀስ አንድ ቤት ስገባ ከሰዉ በፊት ግድግዳውን ሰላም የምል ሰው ሆንኩ። ሱቄ ውስጥም እያንዳንዱን ገጽ ፊትና ጀርባ ሳላይ ስኳር አልጠቀልልም፤ ደንበኞቼ፣ "አነበብከው ወይስ መዘንከው?" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ፌስታል ሲገባ ነገሌ ውስጥ ደስ ያለው የጋዜጣ ነጋዴ እኔ ብቻ ነኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ይህ አልነበረም። በየጠዋቱ "አካም ቡልታን፣ ሐጂ?" እላለሁ። በየጠዋቱ "ናጋ" ይሉኛል። አባቴ ሲሞት አገሬ ድረስ ሰው ልከው አስተዛዘኑ።

ልጅቷ ቆይታ ወደራ ላይ ለአንድ ከብት ነጋዴ ሁለተኛ ሚስት ሆና ገባች። ባልየው ሞተ። አባቷ ሲታመሙ ልታስታምም ተመለሰች፤ እሳቸው ሲያርፉ ሱቁን ያዘች። ጠዋት ሰላምታውን እሷ ትመልስልኝ ጀመር፤ በአባቷ ድምፅ ልክ፣ በአባቷ ሰዓት። የጀመረችው የለቅሶው ድንኳን ገና ሳይነሳ ሳይሆን አይቀርም።

በቅርቡ ድምፃዊው ሞተ። ወጣቶቹ በየስልካቸው የድሮ ፎቶውን ሲያወጡ፣ አንዱ ያንን የጋዜጣ ገጽ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። "የድምፃዊው የነገሌ ፍቅር" ብለው ሺህ ጊዜ ተቀባበሉት። በባጃጅ የሚያልፉት ልጆች ሱቋን እየጠቋቆሙ ይስቁ ጀመር። በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ደወለልኝ። ስለ ሟቹ ፊልም ይሠራል፤ የፎቶው ዋና ቅጂ እኔ ጋ ሊኖር እንደሚችል የድሮው ጋዜጣ ላኪ ነግሮታል።

"ዋጋውን አንተ ጥራ" አለኝ።

በዕድሜዬ ዋጋ ጥራ ተብዬ ሳልጠራ የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁ።

በማግስቱ እሷ ስልኳን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። አባቷ የቆሙበት ቦታ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ አንቱ ጋዜጣ ይሸጡ ነበር። ይህን ያነሳውን ሰው የሚያውቅ አያጡም።"

"ምን ያደርግልሻል፣ እህቴ? ያለፈ ነገር ነው።"

"ሰውየውን አልፈልገውም። ዋናው ፎቶ ላይ አባቴ መኖሩን ብቻ ነው የምፈልገው።" ስልኩን አየችው። "ጎኔ ነበር። እጁ እዚህ ጋ ነበር። አውቃለሁ። ግን ሰው ይህን ሁሉ ዓመት አልነበረም ሲለኝ፣ አንዳንድ ቀን ሳስታውሰው እኔም አጣዋለሁ። በረንዳው ላይ ብቻዬን እሆናለሁ፤ ልክ እንደዚህ።"

"እጠይቅልሻለሁ" አልኳት። ያን ቀን ሱቄን በጊዜ ዘጋሁ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ቆርቆሮውን ይዤ ተሻገርኩ። ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩትና ክዳኑን ከፈትኩ። መጀመሪያ ቁራጩን አወጣች። ሐጂ ከነጢማቸው እየሳቁ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ባዶ ቦታ ዘርግተው፤ ከአንድ አውራ ጣት በቀር ሙሉ ሰው። ከዚያ ኔጋቲቩን አንስታ በሩ ላይ ወዳለው ብርሃን ያዘችው። ኔጋቲቭ ላይ ነጭ ጢም ጥቁር ነው፤ ቢሆንም ልጅ አባቱን ያውቃል። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ይህ ማን ጋ ነበር?"

"እኔ ጋ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው።"

"ፊልሙ ተቃጥሏል ብለውት ነበር።"

"ብዬ ነበር።"

"የቆረጠውስ?"

"እኔ ነኝ።"

አልጮኸችም። ብትጮኽ እኔም የምለው ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ኔጋቲቩን ሳታወርድ፣ "ሊሞት ሰሞን" አለች፣ "አልጋው ላይ ሆኖ፣ 'እዚያ ነበርኩ አይደል?' እያለ ይጠይቀኝ ነበር።"

አንዲት ሴት አንድ ኪሎ ስኳር ብላ ገባች። እሷ ኔጋቲቩንና ቁራጩን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረችና ስኳሩን መዘነች፤ ፌስታሉን አሰረች፤ መልስ ሰጠች። ከዚያ ሌላ ሰው ገባ፤ እሱንም አስተናገደች። ቆርቆሮው ባዶውን ባንኮኒው ላይ ቀረ። ቆሜ ቆየሁ፤ ከዚያ ወጣሁ። ለአዲስ አበባው ሰው ደውዬ የለኝም አልኩት፤ እውነቴን ነበር።

በነጋታው በሬን እየከፈትኩ "አካም ቡልቴ?" አልኩ። እሷ በሯን ከፈተች፤ በረንዳውን ጠረገች፤ ሽርጦቹን አንድ በአንድ ሰቀለች። ቀና ስትል መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አየች፤ እኔ ያለሁበት ላይ ዓይኗ አልቆመም። ስላልሰማች ይሆናል ብዬ በማግስቱም ደገምኩ። በሦስተኛውም ቀን። አሁንም በየጠዋቱ እላለሁ፤ ኪራይ ነው።

እንግዲህ ያለው ይህ ነው። ጋዜጦቹ ተቃጥለዋል። ካሜራው ሞያሌ ተሸጧል። ኔጋቲቩ እሷ ጋ ነው። ከማዶ መልስ የለም።